ድስቷን ከነሙያዋ፦ የ12ኛ ክፍል ልጆች የቀልድ ኑዛዜ ምን እየነገረን ነው?

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ አንድ ሉክ ወረቀት አጥፋ ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ኑዛዜ ስንት ምስክር ነው የሚፈልገው?" አለችኝ። ክው አልኩ። 12ኛ ክፍል ናት። ፈተናው ደርሷል። ልጆቹ ላይ ያለውን ጭንቀት በቅርብ አያለሁ። በዚህ ሰዓት ከአንዲት የ18 ዓመት ልጅ አፍ "ኑዛዜ" የሚል ቃል ሲወጣ ማን አይደነግጥም? ወረቀቱን ነጠቅ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

"እኔ የኋላ ወንበር ነዋሪ፣ ደወል አይቀርምና፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ በስተቀር በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ የሚከተለውን ተናዝዣለሁ። ዓይኔን እንደገለጥኩ የመተኛት ችሎታዬን 11ኛ 'ለ' ውስጥ መስኮት ስር ለሚቀመጠው ልጅ አውርሻለሁ። ከሆጤ ተነስቼ በሩ ሳይዘጋ የምደርስበትን እግሬን ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቻለሁ። የበር ጥበቃው ጋሼም ልጁ እስኪለምደው ድረስ አንድ አንድ ደቂቃ እንዲታገሡት በአደራ እለምናለሁ..."

የሷ አይደለም፣ የክፍል ጓደኛዋ ነው። የሷም አለ፣ የሌሎቹም አለ። የደሴ ልጆች ናቸው። 12ኛን ሲጨርሱ ፀባያቸውን፣ ሙያቸውን፣ አመላቸውን፣ ከዚያም አልፎ የሚታወቁበትን ሳቅ ሳይቀር ለሚቀሩት ታናናሾቻቸው እያወረሱ ነው። "ደወል አይቀርምና" የምትለዋ ላይ ስደርስ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ስለዚህ ላወራው ነው።

መጀመሪያ ከየት መጣ? ልማዱ በዚህ ስሙ አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች በዓመቱ መጨረሻ "የተመራቂዎች ኑዛዜ" የሚሉትን ይጽፋሉ። አንዳንዴ በትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ይወጣል፣ አንዳንዴ በዓመቱ መጽሔት። አጻጻፉ የእውነተኛ ኑዛዜን ቋንቋ ይዋሳል። "አእምሮዬም ሰውነቴም ጤነኛ ሆኖ" ብሎ ይጀምርና፣ ቤትና መሬት በሚጠቀስበት ቦታ "ዘግይቶ የመምጣት ልምዴን ለእገሌ" ይላል። የእህቴ ልጅ ከቲክቶክ ነው ያየችው። አይታው ወደ ደሴ አመጣችው። ከመጣ በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆኗል፣ ወሎ የገባ ነገር እንደነበረ አይቀርማ።

እኛም እኮ ባዶ አልነበርንም። በኔ ጊዜ ኦቶግራፍ ነበር። አበባ የተሳለበት ደብተር፣ የምትወደው ምግብ፣ የምትወደው ቀለም፣ የማትረሳው ቀን። ጥግ ላይ የታጠፈች ወረቀት ትኖራለች፣ ላይዋ ላይ "እንዳትከፍተው" ተብሎ ይጻፍባታል፣ ሁሉም ይከፍታታል። ኋላ ደግሞ ሸሚዝ ላይ መፈራረም መጣ። ልጆቹ የመጨረሻ ቀን ዩኒፎርማቸውን በማርከር አጥለቅልቀው ፒያሳን ሲያቋርጡ ያላየ የደሴ ሰው የለም። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የምርቃት መጽሔት አለ፣ ከፎቶው ስር "ላስት ወርድ" የሚሏት ሁለት መስመር።

እነዚህ ሁሉ ደስ ይላሉ። ግን ልብ በሉ፣ ሁሉም የእኩያ ለእኩያ ናቸው። አብረውህ የሚሄዱት ይፈርሙልሃል፣ አንተም ለነሱ ትፈርማለህ። ኑዛዜው ግን ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ለሚቀረው። ኑዛዜ ደግሞ ወራሽ ይፈልጋል። "ለማን?" የሚለውን ሳትመልስ አንድ መስመር መጻፍ አትችልም። የኔ ክርክር በሙሉ እዚህች "ለማን?" ላይ ነው ያለው።

የእህቴ ልጅ ሳቋ የታወቀ ነው። ከመንደሩ ጫፍ ይሰማል። መምህራኗ ሳያዩዋት በሳቋ ይለይዋታል። ሳቋን ለማን እንደምታወርስ ሁለት ቀን አሰበች። መጨረሻ ላይ 10ኛ ክፍል የምትማር አንዲት ልጅ ትዝ አለቻት፣ በእረፍት ሰዓት ሁሌም ዛፉ ስር ብቻዋን የምትቀመጥ። ስሟን አታውቃትም። ዓመት ሙሉ አይታታለች፣ አንድ ቀን አናግራት አታውቅም። ለኑዛዜው ስም ያስፈልጋልና ሄዳ ጠየቀቻት። ከዚያ ቁጭ ብለው አወሩ። እረፍቱ አለቀ፣ ደወል ተደወለ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ሳቄን ዛፉ ስር ለምትቀመጠው ልጅ አውርሻለሁ። ድምፁ ከፍተኛ ስለሆነ በትንሽ በትንሹ ትጀምረው።" ከዚህ በላይ ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ ስለ ወረቀቱ ምን እንዳሰበች አላውቅም፣ የማውቀው በማግስቱ የእህቴ ልጅ ዛፉ ስር ሄዳ አብራት ምሳዋን እንደበላች ነው።

እሺ፣ ወደ ቃሉ እንምጣ። "ኑዛዜ" በኛ ቋንቋ ሁለት ስራ አለው። አንደኛው ንብረት ማውረስ ነው፣ ሁለተኛው ንስሐ ነው። ክርስቲያኑ "ተናዘዝኩ" ሲል ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ ነገረ ማለት ነው። ሙስሊሙ ወሎዬ ደግሞ ለማውረሱ "ወሲያ" የሚል የራሱ ቃል አለው። የልጆቹን ወረቀቶች ሳነብ ሁለቱም ትርጉሞች አብረው ሲሰሩ አየሁ። "አጥር የመዝለል ጥበቤን" ብሎ የሚያወርስ ልጅ በዚያው አጥር መዝለሉን እያመነ ነው። "የቤት ስራ በጠዋት የመገልበጥ ፍጥነቴን" የምትል ልጅም እንደዚያው። ዓመቱን ሙሉ ዩኒት ሊደሩ አፋጦ ያላወጣውን ነገር በሳቅ እያወጡት ነው። አንዷ መጨረሻ ላይ "ለእንግሊዝኛ መምህሬ የምተወው ነገር የለኝም፣ አፉ በሉኝ ብቻ" ብላ ጽፋለች። ሲለያዩ አፉ፣ ይቅር ማለት ነው፣ መባባል የወሎ ወግ ነው። ማንም አላስጠናትም፣ ቤት ውስጥ ስትሰማው ያደገችው ነው።

ሕጉን በተመለከተ ለእህቴ ልጅ የመለስኩላት ይሄን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት ይላል። በቤተሰብ ሕጉ ደግሞ 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ በዕድሜ በኩል አብሽሪ አልኳት፣ ምስክር ግን አራት ፈልጉ። እሷ በቁም ነገር ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ልጆች ቀልድን በደንብ ሲሰሩት እንደዚህ ነው፣ ደንቡን ያጠኑታል። ነገሩ ደግሞ ለነሱ ሩቅ አይደለም። ወሎ ውስጥ በውርስ መሬት፣ በውርስ ግድግዳ፣ በአንድ ባሕር ዛፍ ምክንያት ወንድማማች ሲካሰስ ያላየ ልጅ ጥቂት ነው። ኑዛዜ የሚለውን ቃል የሚያውቁት ከጠብ ጋር ነው። አሁን ያንኑ ቃል ወስደው ማንም ሊካሰስበት የማይችል ነገር እያወረሱበት ነው። ሳቅ ለሁለት አይከፈል!

እናቴ ግን አልወደደችውም። ሰማችና "ምነው ልጄ፣ ሟርት! በልጅ አፍ ኑዛዜ አይባልም" አለች። ይሄን ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም እናቴ ብቻ አይደለችም እንዲህ የምትለው። እኛ አገር ቃል ክብደት አለው። ያውም ባለፉት ዓመታት ይህ አካባቢ ስንት ወጣት ቀብሯል። እናት የሆነ ሰው "ኑዛዜ" ሲሰማ ሌላ ነገር ነው የሚታየው። የእህቴ ልጅ አልተከራከረችም። "እሺ እምዬ፣ አደራ እንበለው?" አለች። እናቴ ፊቷ ተፈታ። "አደራማ ሸጋ ነው" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቶቹ ርዕሳቸው "አደራ" ሆኗል። በኔ አመለካከት ከፈረንጁ ስም ይሄኛው ይበልጣል። ያወረስከው ነገር ካንተ ጋር የነበረው ነገር አለቀ ማለት ነው። አደራ ግን ተቀባዩን ያስራል፣ ሰጪውም እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል፣ በዓመቱ መጥቶ "ሳቄን ምን አደረግሽው?" ማለት ይችላል።

አሁን ጭንቀቱ ጋ ልግባ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ዘንድሮ ለምን እንደያዛቸው የሚገባን በሱ በኩል ነው።

የዘንድሮዎቹን 12ኛ ክፍሎች ዕድሜ ወደ ኋላ ቁጠሩት። መጋቢት 2012 ኮቪድ መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ 6ኛ ክፍል ነበሩ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ገና 8ኛ ክፍል መጀመራቸው ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ከሰሜን ወሎና ከራያ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ መጥቶ መማሪያ ክፍሎች ውስጥ ነበር የሚያድረው። ከተማዋ ህዳር መጨረሻ ላይ ስትመለስ ልጆቹ የተመለሱት በር ወደሌለው፣ ወንበሩ ወደተሰበረ ክፍል ነው። ነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ 10ኛ ሊገቡ ነበር። ከተማ ያሉት እንደምንም ቀጠሉ። ገጠር ያሉት እኩዮቻቸው ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ የቀሩ ብዙ ናቸው፣ እስካሁንም ያልተመለሱ አሉ። እንግዲህ ይሄን ሁሉ አልፎ 12ኛ የደረሰ ልጅ ነው "ዓይኔን ገልጬ የመተኛት ችሎታዬን" እያለ የሚጽፈው። ሳይተኛ ያደረ ልጅ ስለሆነ ነው የቻለበት፣ ይሄን እንዳንረሳ።

ትምህርት ቤት ሲቆራረጥ የሚጠፋው ምዕራፍ ብቻ አይደለም። የታላቅና የታናሽ ሰንሰለት ይበጠሳል። ድሮ 9ኛ የገባ ልጅ ከላይ ያሉት ነበሩ የሚያስተምሩት። የትኛው መምህር ደብተር እንደሚያይ፣ የትኛው ሱቅ ፎቶ ኮፒ በርካሽ እንደሚያነሳ፣ በየትኛው ክፍል መስኮት ብርድ እንደሚገባ፣ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ። ይሄ ማንም መጽሐፍ ላይ የለም። ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚሄደው። ሁለት ሦስት ባች ተራርቆ፣ ግማሹ አንዱ ጋ፣ ግማሹ ሌላ ከተማ ዘመድ ጋ ተጠግቶ ሲማር፣ የሚነግርህ ታላቅ አይኖርም። ልጆቹ ባያውቁትም በዚህ ወረቀት ያንን እየጠገኑ ነው። አንዱ ኑዛዜ ውስጥ "የፊዚክስ ሾርት ኖቴን ከነቡና ጠብታው" የሚል አለ። ሌላው የሞዴል ፈተና ወረቀቶቹን በሙሉ በፌስታል አስሮ "የአራት ዓመት ላቤ" ብሎ ለ11ኛ ክፍል ሰጥቷል። ቀልድ ነው፣ ግን ወረቀቶቹ እውነተኛ ናቸው፣ 11ኛዎቹም እየሰሩባቸው ነው።

ሁለተኛው ነገር ፈተናው ነው። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው የሚሰጠው። ልጁ ከቤቱ ወጥቶ፣ ካምፓስ አድሮ፣ ስልክ ሳይዝ ይፈተናል። ኩረጃው ቀነሰ፣ ይሄ እውነት ነው፣ ጥሩም ነው። ውጤቱ ግን አገር አስደነገጠ። ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4። በ2017 8.4። እየተሻሻለ ነው፣ ደግሞ ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት መንገድም አለ። ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት። በመጨረሻው ጥሩ ዓመት እንኳ ከ100 ልጅ 91ዱ ግማሽ አላመጣም። 12 ዓመት ተምሮ፣ ከሁሉ ተርፎ፣ ስሙ አጠገብ የሚቀመጠው የመጨረሻ ቃል "ወደቀ" ነው። ሰፈር ውስጥ የሚጠየቀውም እሱ ብቻ ነው፦ "ስንት አመጣ?" ያ ልጅ ሰው የማስታረቅ ችሎታ ቢኖረው፣ ታማሚ ጓደኛውን ሆስፒታል ያስታመመ ቢሆን፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ድምፁ ሲሰማ ግቢው ጸጥ የሚል ቢሆን፣ ማን ይጽፍለታል? ሰርተፍኬት ላይ ይሄ አይሰፍርም።

ኑዛዜው ላይ ግን ይሰፍራል። ያውም ውጤት ከመምጣቱ በፊት፣ ሁሉም እኩል ሆኖ ባለበት ሰዓት። አንደኛ የሚወጣው ቸካዩም፣ ፎራፊውም አንድ አንድ መስመር አላቸው። እንዲያውም የፎራፊው ነው የሚነበበው። ለዚህ ነው አንዳንድ መምህራን "ፈተና ደርሶ ምን ቀልድ ነው?" ሲሉ የማልስማማው። ቁጣቸው ይገባኛል፣ ለልጆቹ አስበው ነው። ግን ልጆቹ ለአንድ ከሰዓት ከቁጥር ውጪ ምን እንደሆኑ ቢጽፉ ምን ይጎድላል? የእህቴ ልጅ ያን ሌሊት ከሌላው ሌሊት በተሻለ አጥንታለች። እኔ ነኝ ሻይ ያፈላሁላት።

"የፈረንጅ ነው" የሚሉም አሉ። ስሙ የፈረንጅ ይሁን። ለተከታይ ትቶ መሄድ ግን ወሎ ላይ ማንም የሚያስተምረን አይደለም። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሃይቅ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሃይቅ እስጢፋኖስ ላይ አስተምረው፣ ከሳቸው የተማሩት አገሩን ሞልተው ሌላ አስተማሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንዱ ናቸው። ቦሩ ሜዳ ላይ መምህር አካለ ወልድ አስተማሩ፣ ዛሬ ስማቸው ደሴ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም ነው፣ በየቀኑ በሺህ ልጅ አፍ ይጠራል። የወሎን የእስልምና ትምህርት ቦታዎች፣ ዳናን፣ ገታን፣ ጫሌን ውሰዱ። ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ስንቁን ለምኖ፣ ዓመታት ቀርቶ፣ ሲጨርስ ከሸሁ ኢጃዛ ይቀበላል። "እኔ ከእገሌ ተቀብያለሁ፣ አንተም ከኔ ተቀበል" ማለት ነው። ማን ከማን እንደተቀበለ ሰንሰለቱ ይቆጠራል። ልጆቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ያንኑ ሰንሰለት በሳቅ ቀጠሉት። ቀልዱም ቢሆን የወሎ ነው። እዚህ አገር ሰው ሲሸኝ ይመረቃል፣ ሲመረቅ ይሳቃል፣ ሲሳቅ ዓይን እንባ ያቀራል። ሦስቱን ለያይቶ የሚያውቅ ወሎዬ አላየሁም።

ይሄን ሁሉ ብዬ ስለ አደጋው ዝም ብል ግን ራሴን እዋሻለሁ። አደጋ አለው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኛ ስንጨርስ፣ ትምህርት ቤቱን አልጠቅሰውም፣ አንድ ልጅ ተነስቶ ስለ ሌሎች እያነበበ "ሲሸኝ" ነበር። ሁሉም ይስቃል። ከዚያ አንዲት ልጅ ጋ ደረሰ። ጫማዋን አነሳ። አራት ዓመት አንድ ጫማ ነበር ያደረገችው፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ተናግሮት አያውቅም። እሱ ጫማው ሙዚየም ይግባ አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። የክፍል ፎቶ ስንነሳ አልነበረችም። ፎቶውን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፣ ባየሁት ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሷ የሌለችበትን ቦታ ነው። መምህሩ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ምንም አላለም። ልጁ ክፉ ልጅ አልነበረም። ያጠፋው ነገር የራሱ ያልሆነውን ማውረሱ ነው።

ለእህቴ ልጅና ለጓደኞቿ ያልኳቸው ይሄን ብቻ ነው፦ የራሳችሁን ስጡ። የራስህን እንቅልፍ፣ የራስህን ዘግይቶ መምጣት፣ የራስሽን ሳቅ አውርሱ። የሌላ ሰው ድህነት፣ የሌላ ሰው አነጋገር፣ የሌላ ሰው አካል፣ ዘሩም ሃይማኖቱም ያንተ ንብረት አይደለም። በሕጉም ቢሆን ሰው የሚናዘዘው በራሱ ሀብት ነው። ደግሞም ወራሹን ጠይቁት። "ፍርሃቴን ላንተ" ብትለው ደስ ይለዋል ወይስ ይከፋዋል? ሳትጠይቅ አትጻፍ። አሜሪካ ውስጥም ብዙ ትምህርት ቤት መምህር ሳያየው እንዲወጣ አይፈቅድም፣ በዚህ በኩል ተሰድቦ የቀረ ልጅ እዚያም ሞልቷልና።

ሌላው ቴሌግራም ነው። በኛ ጊዜ የተባለው ነገር ክፍሉ ውስጥ ቀረ፣ ያችን ልጅ ያዋረደው ሳቅ ቢያንስ ከ50 ሰው አላለፈም። ዛሬ ቻናል ላይ ከተለጠፈ ባቲም አዲስ አበባም ሪያድም ይነበባል፣ የልጁ አባት እዚያ ስራ ላይ ሆኖ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ይሄ ነገር በወረቀት ይሁን፣ በድምፅ ይሁን፣ ግቢ ውስጥ ይቅር። ሚኒ ሚዲያ አለ አይደል? በእረፍት ሰዓት ዘፈን ከሚከፈት ሆም ሩም መምህሩ አይቶት፣ ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡት። ከዚያ አንድ ደብተር ገዝቶ ቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ ነው። በየዓመቱ ይጨመርበታል። አምስት ዓመት ቆይቶ አንድ 9ኛ ክፍል ገልጦ "ይቺ ሳቅ እኔ ጋ የደረሰችው ከዚህች ልጅ ተነስታ ነው" ቢል አስቡት። ወጪው የአንድ ደብተር ነው። የሚከለክል ትምህርት ቤት ደግሞ ይወቀው፣ ልጆቹ መጻፋቸውን አይተዉም፣ ማንም በማያየው ቦታ ይጽፉታል፣ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

አሁን ድስቷን ልንገራችሁ።

ከእህቴ ልጅ ጓደኞች አንዱ ከኩታበር ወዲያ ካለ ቀበሌ መጥቶ ደሴ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። እንደሱ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንዲት ክፍል አለችው፣ ፍራሽ፣ የውሃ ጀሪካን፣ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ድስት። ቅዳሜ አገር ቤት ይወርዳል፣ እሁድ ሽሮውንና ድርቆሹን ተሸክሞ ይመለሳል። መንገድ ሲዘጋ ሳይወርድ ይሰነብታል፣ ያኔ የእህቴ ልጅ ከቤት እንጀራ ትወስድለታለች። አራት ዓመት ራሱ እያበሰለ ተማረ። ከዚያው ቀበሌ የመጣ አንድ 9ኛ ክፍል ልጅ አለ፣ መስከረም ላይ ያቺን ክፍል የሚረከበው እሱ ነው። ልጁ ሽሮ ማፍላት አይችልም፣ ይጓጉልበታል። ደግሞ የደሴን ብርድ አልለመደውም፣ ከጦሳ ተራራ ማታ ማታ የሚወርደውን ታውቁታላችሁ።

የኛ ልጅ አደራ እንዲህ ይላል፦ "ሽሮ ሳይጓጉል የማፍላት ሙያዬን ከነድስቷ አውርሻለሁ። ብርድ አይነካኝም እያልኩ የምፎክረውን ፉከራ ከነሹራቡ ሰጥቻለሁ፣ ፉከራው ውሸት ነበር፣ ሹራቡ ግን እውነት ነው። ከአከራያችን ከእማማ ጋር የገነባሁትን እምነት አደራ እላለሁ፣ ኪራይ በ30 እንጂ በ3 አይሰጥም።"

ሹራቡን ዝም ብሎ ቢሰጠው ልጁ አይቀበልም ነበር። ኩሩ ነው። በኑዛዜ ሲመጣለት ግን እየሳቀ ለበሰው። ይሄን ሳይ ነው ነገሩ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

ምስክር ሦስት ነበሩ፣ የእህቴ ልጅና ሁለት ጓደኞቿ። አራተኛ ጎደለ። እኔ ልፈርም ስል "አንተ ጠበቃችን ነህ፣ አይሆንም" አሉኝ። ስለዚህ ወረቀቱን ይዘን እማማ ጋ ሄድን። ቡና እያፈሉ ነበር። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። ስለ ሽሮው ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ሹራቡ ሲሰሙ 9ኛ ክፍሉን ልጅ ቀና ብለው አዩት። ኪራዩ ጋ ሲደርስ "እሱስ ልክ ብሏል" አሉ። አንብቦ ሲጨርስ ትንሽ ዝም አሉና፦

"ድስቷ እኮ የኔ ናት" አሉ።

ሁላችንም ልጁን አየነው። ልጁ መሬት መሬት አየ። እማማ ሲኒውን አስቀምጠው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና እስክርቢቶውን ተቀበሉ።

"በል የት ጋ ነው የምፈርመው?"